ሃያኛው ስላይድ

«ቀዳዳውን አላገኘሁትም» አሉ ካሜራ ጠጋኙ ከጠረጴዛቸው ቀና ሳይሉ። «ይኸው ሦስት ቀኔ። አንቺ ብርሃኑ በየት በኩል ሲገባ ነው ያየሽው?»

ልጅቷ የበሩን እጀታ እንደያዘች ቀረች። የመጣችው በእጇ የቀሩትን ሁለት ሌንሶች አስረክባ እብስ ልትል ነበር። ካሜራውንም ባለፈው ሰኞ ያመጣችው፣ እሳቸው ለምሳ የሚወጡበትን ሰዓት ጠብቃ ለባለቤታቸው «ብርሃን ያስገባል» ብላ ጥላ ነው። ዛሬም እንደዚያው ይሆንልኛል ብላ ነበር፤ አልሆነላትም። ካሜራው ነጭ ጨርቅ ላይ ብልቱ ወጥቶ ተኝቷል። ብሎኖቹ እንቁላል መያዣ ካርቶን ውስጥ በየተራቸው ተቀምጠዋል። በጀርባው በር ዙሪያ የነበረው ጥቁር ስፖንጅ ተልጦ፣ አዲስ ተለጥፎ፣ እሱም መልሶ ተልጧል።

«እኔ እንጃ ጋሼ» አለች።

«ጨለማ ክፍል ገብቼ ውስጡ የእጅ ባትሪ አብርቼ አየሁት። ጭል የሚል ነገር የለም» አሉና መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «እንግዲህ ያለውን ነገር ካላየሁ ጥፋቱ የዓይኔ ነው። አንቺ መቼም ያላየሽውን አየሁ አትዪም።»

ምድር ተከፍታ ብትውጣት ደስታዋ ነበር። ቀዳዳ የሚባል ነገር አልነበረማ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የትምህርት ቤቱ የፎቶ ክበብ በስላይድ ፊልም የሚያነሳበት አንድ የድሮ ካሜራ ሊመርጥ ነበር። ስላይድ ወረቀት ላይ አይታተምም፤ ፊልሙ ራሱ ተቆርጦ በትንሽ የካርቶን ክፈፍ ይታቀፍና በመብራት ግድግዳ ላይ ይታያል። ክበቡን የሚመሩት የሥዕል መምህር ሁለት ካሜራ ለሙከራ ተዋሱ። አንዱ ከትልቁ ሱቅ የመጣ፣ ሁሉን ነገር በባትሪ የሚሠራ ባለ ዙም ነው፤ ሌላው የእኚህ ጠጋኝ ነው። የጠጋኙን እንድትሞክር የተላከችው እሷ ናት። ሌላ ማን ሊላክ! በክበቡ ውስጥ ስለ ካሜራ አፏን ሞልታ የምታወራው እሷው ብቻ ናት።

ያን ቀን ጠጋኙ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ሌንስ ደርድረው «ምረጪ» አሏት። እሷም የሚያብረቀርቀውን አፈፍ አደረገች። ወደ መስኮቱ አስይዘው ውስጡን ሲያሳዩዋት መስታወቱ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ አየች። ፊቱ ላይ ጭረት ያለበት አሮጌው ባለ ሃምሳ ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን ውስጡ ጥርት ያለ ነው። ጭረቱ ፎቶው ላይ እምብዛም እንደማይታይ፣ ሻጋታው ግን ሁሉን እንደሚያደበዝዝ ነገሯት። በየመሐሉ «እንዴት አወቁ?» እያለች መቆሚያ መቀመጫ ስታሳጣቸው «አጣሪዋ» የሚል ስም አወጡላት። ስሙን ወደደችው፤ እቤት ሄዳ ሁሉ አወራችው። በመጨረሻ ባትሪ የማይፈልገውን ካሜራ ከጭረታሙ ሃምሳና ሰፋ አድርጎ ከሚያሳየው ሃያ ስምንት ጋር አንጠልጥላ ስትወጣ፣ በሩ ላይ አስቆሟት።

«ወረቀት ላይ የሚታተመው ነጌቲቭ ሆደ ሰፊ ነው፤ ብትሳሳቺም አጣቢው ያቃናልሻል» አሏት። «ስላይድ ግን ያደረግሽውን ነው የሚያሳይሽ።»

ጉዱ የፈላው በማግስቱ ነው። ሃያ ፎቶ አንስታ እቤት ስትገባ ታናሽ ወንድሟ ፎቶው በየት በኩል እንደሚገባ ጠየቃት። «አንተ ፋራ፣ ና ላሳይህ» አለችና ኮራ ብላ የካሜራውን ጀርባ ከፈተችው። ፊልሙ እውስጡ ነበር! ወዲያው ዘጋችው፤ ግን ምን ዋጋ አለው፣ የቀኑ ብርሃን ገብቶ ጨርሷል። ልጁ ምን ሆንሽ ቢላት ለማንም ትንፍሽ እንዳይል ጆሮውን ይዛ አስማለችው። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ የቀሩትን አሥራ ስድስት ፎቶዎች አንስታ ጨረሰች።

ፊልሙ ታጥቦ ሲመለስ የቆረጠችውም በክፈፍ ያቀፈችውም ራሷ ናት። እስከ አሥራ አምስት ያለው ደህና ነው። ከአሥራ ስድስተኛው ጀምሮ ብርቱካናማ ጭጋግ ዳር ዳሩን ይዞ እየባሰ፣ እየባሰ ይሄድና ሃያኛው ላይ ሁሉም ነገር ነጭ ይሆናል። ጭጋጉ ሁለቱን ቀጣዮች ትንሽ ነካ አድርጎ ይለቃል፤ ከዚያ ፎቶው እንደገና ጥርት ይላል። ካሜራው ቀዳዳ ቢኖረው ኖሮ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያበላሽ ነበር። በተራ ቢደረደሩ፣ ትንሽ የሚያውቅ ሰው ካሜራው ፊልም እያለበት አንዴ እንደተከፈተ ወዲያው ይገባዋል። ተራ ቁጥሩ የተጻፈው ደግሞ ፊልሙ ጠርዝ ላይ ነው፤ ጠርዙን ክፈፉ ይሸፍነዋል። እሷም ሠላሳ ስድስቱን ስላይድ እንደ ካርታ በወዘቻቸው።

ክበቡ ተሰብስቦ ሲያይ ጭጋጋሞቹ በየመሐሉ ብቅ እያሉ ልጆቹን አሳቋቸው። መምህሩ «ካሜራው ብርሃን ያስገባል ማለት ነው?» ብለው ወደ እሷ ዞሩ። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ካሜራው ይመለስ ተባለ፤ ባለ ዙሙ ተመረጠ። ከዚያ ወዲህ «እኔ እኮ ክበቡ ፊት አንድም ቃል አልተናገርኩም» እያለች ራሷን ታጽናና ነበር።

አሁን ጠጋኙ ፊት ቆማ እግሯን ወዴት እንደምታደርገው እንኳ ጠፍቷታል። በዚህ መሐል አንዲት ፎቶ አንሺ ገብታ ለጥገና ያስቀመጠችው ካሜራ አልቆ እንደሆነ ጠየቀች። ጠጋኙ ከመደርደሪያው አወረዱና፣ ምንም ሳይነኩት በጨርቅ ጠቅልለው ሰጧት። ሴትየዋ ቀልድ መስሏት ሳቀች።

«ሌላ ሰው ይይልሽ» አሏት። «ዓይኔ ከድቶኛል። የሰው ዕቃ ከማበላሽ ብተወው ይሻላል።»

ሴትየዋ ከእርስዎ ወዲያ ማን አለ ብላ ብትሟገትም አልሰሟትም። ባለቤታቸው ከመጋረጃው ኋላ ብቅ ብለው አዩና ተመለሱ። ልጅቷ ወደ መደርደሪያው ቀና ስትል ሌሎች አራት ካሜራዎችም ተጠቅልለው፣ የባለቤቶቻቸው ስም ተለጥፎባቸው አየች። ሌንሶቹን ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጠች። «ይኸው ጋሼ» አለችና ወጣች።

መንገዱን ሙሉ ሰበብ ስትፈልግ ሄደች። ሽማግሌ ናቸው፣ ለነገሩ ማረፍም አለባቸው አለች። ይህን ባሰበች ጊዜ ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ አፈረች። ሰው ሁሉ የሚያያት መሰላትና አንገቷን ደፍታ በግድግዳው ጥግ ጥጉን እቤቷ ደረሰች።

ታናሽ ወንድሟ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያስራል።

«የካሜራው ሰውዬ ተቆጡሽ?» አላት።

«ለምን ብለው ይቆጡኛል?»

«ከፍተሽባቸው የለ እንዴ። እኔ ግን ለማንም አልተናገርኩም» አለና እንደ ጀግና ደረቱን ነፋ። «የክፍላችን ቲቸር እንኳ የክበባችሁ ካሜራ ምን ሆነ ብላ ስትጠይቀኝ፣ ተበላሽቶ ነው አልኳት።»

ጎበዝ ብላ ራሱን እንድትዳብሰው እየጠበቀ ነበር። እሷ ግን ዓይኑን ማየት አቃታት። ክፍሏ ገብታ የክበቡን የስላይድ ሳጥን ከአልጋዋ ሥር ጎተተች፤ የተበላሹትን ሰባቱን ለቅማ ሱቁ ሳይዘጋ እየሮጠች ተመለሰች።

ጠጋኙ የብሎኖቹን ካርቶን እየከደኑ ነበር። የረሳችው ነገር እንዳለ ጠየቋት። እሷ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ያለውን ከሥሩ የሚበራ ነጭ ሰሌዳ አበራች። ከዚያ ክፈፎቹን አንድ በአንድ በጥፍሯ ፈለቀቀቻቸው። ስትቸኩል አንዱን ካርቶን ቀደደችው። ስድስቱን ፊልሞች እንደመጣላት ብርሃኑ ላይ በተነቻቸው።

«ጋሼ፣ ጠርዛቸው ላይ ያለውን ቁጥር ያንብቡልኝ።»

«በየትኛው ዓይኔ? ተይ እንጂ።»

«እባክዎ።»

አጉሊ መነጽራቸውን አነሱና እየተነጫነጩ ጎንበስ አሉ። «አሥራ ዘጠኝ» አሉ። ሌላውን አዩ። «አሥራ ስድስት። ይኼ ደግሞ… ሃያ አንድ።» ቁጥሩ ከሰሊጥ ፍሬ አይበልጥም፤ አንዱንም አልሳቱም። የልማድ ነገር ሆኖ እጃቸው ፊልሞቹን በተራ ማሰለፍ ጀመረ። አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት፣ ሃያ ሁለት። ጭጋጉ ከግራ ወደ ቀኝ እየወፈረ ሄዶ መሐል ላይ አንድ ክፍት ቦታ ቀረ። እጃቸው ባለበት ቆመ።

«ሃያኛውስ?» አሉ። ድምፃቸው ተለውጧል።

መዳፏ ውስጥ ነበር፤ ላቧ አርሶታል። ቦታው ላይ አስቀመጠችው። ምንም የሌለበት ነጭ ነው።

«ስከፍተው እዚህ ላይ ነበር» አለች። «ለወንድሜ ላሳየው ብዬ። ካሜራው ምንም የለበትም ጋሼ። ዓይንዎም ምንም የለበትም።»

ቢጮሁባት በወደደች። እሳቸው ግን ምንም የማይታይበትን ስላይድ ለረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆዩ። «ሦስት ቀን» አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው። ፊቷ እሳት ሆነ፤ እንባዋን እንኳ የመጥረግ ድፍረት አጣች።

«መምህርሽ ያውቃሉ?»

ራሷን ልትነቀንቅ ጀመረችና ተወችው። «አያውቁም» አለች በአፏ።

ጠጋኙ ወደ መጋረጃው ዞረው ባለቤታቸውን ተጣሩ፤ ለፎቶ አንሺዋ ደውለው ካሜራዋን መልሳ እንድታመጣ እንዲነግሯት ጠየቁ። ከዚያ ከእንቁላል ካርቶኑ የመጀመሪያውን ብሎን በመቆንጠጫ አነሱ። አጣሪዋ ብለው አልጠሯትም።

«ክፈፍ ከፈለግሽ መሳቢያው ውስጥ አለ» አሉ ቀና ሳይሉ።

ልጅቷ መሳቢያውን አየችው፤ አልከፈተችውም። ሰባቱን ፊልሞች ከአሥራ ስድስት እስከ ሃያ ሁለት በተራቸው ከደብተሯ በቀደደችው ወረቀት ላይ ደረደረቻቸው፤ ቁጥራቸው እንዲታይ አድርጋ በቀጭኑ በፕላስተር ያዘቻቸው።

«አይ፣ ነገ ክበቡ እስኪያያቸው እንዲሁ ይቆዩ» አለች።

ወረቀቱን እንዳይታጠፍ በሁለት እጇ ይዛ ወጣች።