ሁለቱ የካታሎግ ሪሎች

በግንቦት 1985 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የሚኒሶታ ሐይቆች በረዷቸው ቀልጦ የዓሣ ማጥመጃው ወቅት ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው፣ አቶ ዑቕባዝጊ ሜፕልዉድ ውስጥ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ከአንድ ጋራዥ ሴል ደጃፍ መኪናቸውን አቆሙ፤ ጠረጴዛው ላይ የመንጠቆ ክር የሚጠቀለልባቸው ሁለት አሮጌ ሪሎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያዩ ልባቸው ዘለለ።

ሪሎቹ ላይ የተቀረጸው የሠሪው ሳይሆን የሻጩ መደብር ስም ነበር። አቶ ዑቕባዝጊ በወጣትነታቸው አስመራ፣ በአሜሪካኖቹ ጦር ሰፈር በቃኘው ጣቢያ የፖስታ ጥቅል ዕቃ ሲያድሉ፣ የዚያን መደብር ወፍራም የማዘዣ ካታሎግ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ኣምለሰት ጋር ገጽ በገጽ እያገላበጡ መርጠው፣ በአንድ ሳጅን ስም አስመጥተው፣ ምጽዋ ላይ ዓሣ ያወጡባት ሪል ልክ እንዲህ ያለች ነበረች፤ በስደቱ ጊዜ ጥለዋት ወጡ። አሁን ደግሞ ካታሎጉ ራሱ መታተሙ እንደቀረ በጋዜጣ ተነግሮ ነበር።

ሁለቱንም ገዙ። አንደኛዋ ለማን እንደሆነች ያውቃሉ፤ የከበዳቸው የሰውዬውን በር ማንኳኳቱ ነበር። የቀድሞው የኢትዮጵያ ጦር መኮንን ሻለቃ ንዋይ፣ በፌለን ሐይቅ ዳር የዘወትር ባልንጀራቸው፣ በሚያዝያ ኤርትራውያን በነጻነቱ ሪፈረንደም ድምፅ ከሰጡ ወዲህ ስልክ አልደወሉላቸውም።

«ድምፅ ሰጥተዋል?» አሉ ሻለቃው በሩን ገርበብ አድርገው።

«ሰጥቻለሁ፤ ለነጻነት። አልዋሽዎትም።»

«ወንድሜ ምጽዋ ቀርቷል፤ ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ፣ ሻለቃ። የእኔም የበኩር ልጅ ናቅፋ ቀርቷል።»

ሻለቃው ደነገጡ፤ ሐይቅ ዳር ሲቀመጡ ስለ ማጥመጃው ትል፣ ስለ ነፋሱና ስለ ኦቨርታይም እንጂ ስለ ልጆች አውርተው አያውቁም ነበርና። «ምነው እስከ ዛሬ ሳይነግሩኝ?»

«ብነግርዎ ኖሮ አብረን እንቀመጥ ነበር?»

ሻለቃው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱና የተዘረጋላቸውን ሪል ተቀብለው እጀታዋን አዞሩ።

«ደርቃለች፤ ግሪስ ትፈልጋለች» አሉ። «ነገ ማን ድራይቭ ያደርጋል?»

«እኔ።»

በማግስቱ ጠዋት ዎልአይ የሚባለውን የሐይቅ ዓሣ መጀመሪያ ሻለቃው ያዙ፤ ክሩ ከውኃው ሣር ጋር ቢጠላለፍባቸው አቶ ዑቕባዝጊ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ዓሣውን በመረብ አወጡላቸው፤ በብርድ ሲንቀጠቀጡ አይተው ሻለቃው ኮታቸውን ደረቡላቸው፤ ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ታሪክ የዚያን ሚያዝያ ድምፅ ቆጥሮ መዝግቧል፤ በግንቦት 1990 ዓ.ም. በሁለቱ አገሮች ድንበር ላይ እንደገና ተኩስ መከፈቱንም ጽፏል። በዚያው ግንቦት ግን ሁለት ሽማግሌዎች በፌለን ሐይቅ ዳር ጎን ለጎን ተቀምጠው እንደ ነበር የጻፈ የለም።