እንግዳ ሸኚው

ሽማግሌው ታዎስ እንደ ወትሮው የእንግዳ ቤቱን ወለል ውሃ ረጭቶ ጠረገ፤ የገመድ አልጋዎቹን አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ አውጥቶ አራገፈ፤ የሻይ ማንቆርቆሪያውን በአመድ ፈትጎ አጠበና ከምድጃው አጠገብ ደፋው። ጭቃው ውሃ ሲጠጣ የሚሰጠውን ሽታ ይወደው ነበር። ነገ በማለዳ ግን ይህን ሁሉ ጥሎ ይሄዳል። አንድያ ልጁ ዛሪፍ፣ ካራቺ ወደብ ላይ ክሬን የሚነዳው፣ አባቱንና አክስቱን ሊወስድ ትናንት ገብቷል። «ባባ፣ ያለ እርስዎ አልመለስም» ብሎ ሙጭጭ አለ። አዲስ ገዢ እየመጣ ነው ተብሎ ከተወራ ሰነባብቷል፤ አዲስ ገዢ ደግሞ ሥራውን የሚጀምረው ጎረምሳ በመልቀም ነው። ታዎስ ይህን ስለሚያውቅ እሺ አለ። ለራሱ አልነበረም፤ ለልጁ ብሎ ነው።

አይ ዛርካይ! ያልገዛት ማን አለ? በድንበሩ ተራሮች መካከል የተወሸቀች አንዲት የፓሽቱኖች ወረዳ ናት፤ ድንጋይና ጥቂት የበቆሎ መደብ፣ ሌላ ምን አላት? ግን ሁሉም ፈለጋት። የካቡል ንጉሥ ፈረሰኞች ለግብር መጡ። ከላሆር የመጡት ሲኮች ኮረብታው ላይ የጭቃ ምሽግ ሠሩ፤ እንግሊዞች ያንኑ ምሽግ ኖራ ቀብተው መድፍ ተከሉበት። ፓኪስታን ስትመጣ ባንዲራው ተቀየረ፤ ጥቁር ጥምጣም የጠመጠሙት ደግሞ ባንዲራውን አውርደው የከለከሉትን የሙዚቃ ካሴት ክር ሰቀሉበት፤ ወታደሮቹ ተከትለው የአሸዋ ከረጢት ደረደሩ። ሁሉም ሲመጣ ያለፈውን እየረገመ ነው፤ ሁሉም ደግሞ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የአገሩን መንገድ ማንንም ሳይጠይቅ ያውቀዋል። ሰው ሰላይ ልከው ነው ይላል።

ከዓስር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ አንድ እንግዳ መጣ። ውሻ አልጮኸም፤ በሩ ሲከፈትም አልተሰማም። ታዎስ ቀና ሲል ጋቢ በመሰለ ወፍራም ሻል ፊቱን የሸፈነ ረጅም ሰው ደፉ ላይ ቆሟል። «ቤትህ ገብቻለሁ» አለ ሰውየው።

«ቤቱ የእርስዎ ነው፤ እንኳን ደህና መጡ» አለ ታዎስ፣ ሳያስብ። ምኑን ያስባል? በዛርካይ እንግዳ ስሙን አይጠየቅም፤ ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደሚሄድም አይጠየቅም። ሲሄድ ደግሞ ከቤቱ አንድ ወንድ ጠመንጃ ይዞ እስከ ድንበሩ ወንዝ ይሸኘዋል፤ እንግዳን ብቻውን የለቀቀ ቤት ከዚያ ወዲያ በሰው ፊት አፍ የለውም።

እንግዳው ጨለም ባለችው ጥግ አልጋ ላይ ተቀመጠ። ታዎስ አረንጓዴ ሻይ ሄል ጨምሮ ቀዳለት፤ ዞር ብሎ ስኳር እስኪያመጣ ስኒው ባዶ ነበር፤ ሻሉ ግን ከፊቱ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ሽታው መጣ። መጀመሪያ እንደ እርጥብ ሱፍ፣ ኋላ ግን ጥርት ብሎ የራሰ ፈረስ ሽታ ሆነ። መኪና መንገድ ከገባ ወዲህ ዛርካይ ውስጥ አንድ ፈረስ የለም። ግድግዳው ላይ ሲያጉረመርሙ የዋሉት እርግቦችም ዝም አሉ።

«ደጁ ላይ የነበረውን የለውዝ ዛፍ ለምን ቆረጣችሁት?» አለ እንግዳው።

ታዎስ ዛፉን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። አያቱ ጎረምሳ ሳሉ እንግሊዞች ለመድፋቸው መንገድ ብለው እንዳስቆረጡት ብቻ ሰምቷል። ስኒውን እንደገና ሞላለት። እንግዳውም ለራሱ ማነብነብ ጀመረ፤ ፋርስኛ ይመስላል፣ ከዚያ የፑንጃብ ቋንቋ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ የወታደር ትእዛዝ፤ አንዱን ጀምሮ ይተወዋል፣ ሌላውን ያነሳል፤ የቁልፍ ዘለላ ይዞ የትኛው እንደሚከፍት እንደሚሞክር ሰው።

ታዎስ ወደ ውስጠኛው ግቢ ገባ። እህቱን ባክታዋራን የእንግዳ ቤቱ ግድግዳ ሥር ኩርምት ብላ፣ ጆሮዋን ጭቃው ላይ ለጥፋ አገኛት። ፊቷ አመድ መስሏል።

«የሳርባዝ ድምፅ ነው» አለች።

«የማን?»

«የአጎታችን! እንግዳ ሊሸኝ ወጥቶ የቀረው። አንተ ጡት ትጠባ ነበር፤ እኔ ግን ትከሻው ላይ አድጌአለሁ፤ ድምፁ ይጠፋኛል እንዴ?»

«ሳርባዝማ በሕይወት ቢኖር መቶ ዓመት ያልፈዋል። ይሄ ጎልማሳ ነው።»

«ስማኝ፣ ታዎስ። እሱ በቀረ ማግስት አዲሱ ሹም በመንገድ ሲያልፍ እናቱ፣ አያታችን፣ ከሰገነቱ ላይ ሆና አየችው። እልል አለች መጀመሪያ። ወዲያው ጩኸቷን ለቀቀችው። እስክትሞት ድረስ ያየችውን አልተናገረችም።» እጁን ጨበጠችው። «ልጁን ከዚህ አውጣው! ነገ አትበል!»

ወይ ጉድ! እንግዳ በቤቱ ተቀምጦ ሳለ ቤቱን ዘግቶ የሄደ ሰው ከዘሩ የለም። ታዎስ ግን ያን ጊዜ ስለ ዘሩ ክብር አላሰበም፤ የዛሪፍን ሳቅ ከጓሮ ሰማ፤ ሻንጣውን እያሰረ ከጎረቤት ጋር ይቀልዳል። የታባቱ ክብር ነው! ልጄ ይትረፍልኝ እንጂ፣ አለ በልቡ። ተመልሶ ገባና ጥጉ ፊት ቆመ። እርጥብ ፈረስ፣ ባሩድ፣ ላምባ፣ ሁሉም ባንድነት ይሸታል።

«እንግዳዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ። «ከቤቴ ይውጡልኝ!»

ከሻሉ ውስጥ አንድ ነገር ትንፍስ አለ፣ የሳቅ ዓይነት።

«በዚህ ቤት እንዲህ ተብዬ አላውቅም። ደግ፣ እሄዳለሁ» አለ እንግዳው፤ ተነሣም፤ አልጋው ግን ክብደት እንደተነሳለት ሲጥ አላለም። «ሸኚዬ ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ታዎስ በጥድፊያ፤ ጠመንጃውን ሊያነሳ ወደ ግድግዳው ዞረ። መስቀያው ባዶ ነበር።

ዛሪፍ የግቢው በር ላይ ጠመንጃውን አንግቶ ቆሟል። የአባቱን ቃል ሰምቶታል፤ ፊቱ በሃፍረት ቀልቷል።

«ግባ!» አለ ታዎስ። «ስጠኝና ግባ፣ ልጄ!»

«ባባ፣ ምን ነካዎት? እንግዳ ያባርራሉ? ይኸው ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ይህንን ነውር እንኳ ልሸፍንልዎ። አሁን መጣሁ።»

«ሰው አይደለም! ዛሪፍ፣ በናትህ አፈር!»

ዛሪፍ የአባቱን እጅ ከደረቱ ላይ በእርጋታ አንስቶ ሳመውና እንግዳውን አስቀደመ። ታዎስ እየወደቀ እየተነሣ ተከተላቸው። ፀሐይዋ ተራራው ጫፍ ላይ ነበረች። ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ እንግዳው ቆመና ሻሉን ከፊቱ ገለጠ፤ ለዛሪፍ ብቻ። ዛሪፍ ወደ አባቱ ዞረ፤ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። ነፋስ አቧራውን አነሳው። አቧራው ሲረግብ ወንዙን የሚሻገረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጠመንጃ አንግቷል፤ ታዎስ ስሙን እየጠራ ቢጮህም ዞር አላለም። ዳር ላይ የቀረው ሻሉ ነው፣ እርጥብ።

በማግስቱ የካራቺው አውቶቡስ ጡሩንባውን እየነፋ አለፈ። ረፋዱ ላይ መኪኖቹ መጡ፤ ታዎስ የማያውቀው ባንዲራ ይዘዋል። ሕዝቡ ምሽጉ ሥር ተሰበሰበ፤ ጎረምሶች ወደ አንድ ወገን፣ ሽማግሌዎች ወደ ሌላ ወገን እንዲሆኑ ተነገራቸው። አዲሱ ሹም ከመኪናው ወረደ። «እንዴ! ዛሪፍ አይደለም እንዴ? ታዎስ፣ እንኳን ደስ ያለህ!» እያለ ሰው ታዎስን ያቅፈው ጀመር። የሹሙ አገጭ ላይ ዛሪፍ በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ ያተረፋት ጠባሳ ሳትቀር አለች። ሹሙ ታዎስን እንደ ግድግዳ አይቶ አለፈውና የማንም ባልሆነ ቋንቋ ትእዛዝ ሰጠ፤ ወታደሮቹ ጎረምሶቹን መጫን ያዙ። ከሰገነቱ የባክታዋራ ኡኡታ ይሰማል። ሽማግሌዎቹ በተራ እየቀረቡ እጅ እንዲነሱ ታዘዙ፤ ሹሙ የእያንዳንዱን አገጭ በጣቱ ቀና እያደረገ ፊቱን ከቅርብ ይመረምራል። በዕድሜው ለማንም ገዢ ጎንበስ ብሎ የማያውቀው ታዎስም ተሰለፈ፤ ተራው ደርሶ እጅ ነሥቶ ሲያበቃ፣ ያቺን ጠባሳ ከቅርብ ሊያያት እንደገና ሊሰለፍ ወደ ኋላ ሄደ።