ከበሩ ውጭ የተሰማ ድምፅ

አቶ ዓባይነህ የተገኙት ከተከራዩት ቤት ጀርባ፣ ወደ ባሕሩ በሚወርደው የእንጨት ደረጃ ግርጌ፣ በፊታቸው እርጥቡ አሸዋ ላይ ተደፍተው ነበር። ማጅራታቸው ላይ ያለው ቁስል የመውደቅ አለመሆኑን ሐኪም አረጋገጠ። ለረጅሙ ዊኬንድ ከሚኖሩባት ከሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ አምስት ሆነው መጥተው ነበር። አሁን አራት ቀርተዋል፤ ከአራቱም አንዷ ልትታሰር ነው።

ጸዳለ ለጠበቆች ምርመራ የምትሠራ ሴት ናት። ከምትኖርባት ከአሌክሳንድርያ ከተማ በበረዶ እየነዳች የመጣችው የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ የወይንሐረግ እያለቀሱ ስለደወሉላት ነው። «ልጄን ሊወስዱብኝ ነው። አባትሽን ገድለሻል እያሏት!»

ወይዘሮዋ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ኩሽና ውስጥ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል።

«ባለቤትዎን መጨረሻ ያዩዋቸው መቼ ነው?»

«ጠዋት ሲወጣ። በኋላ ግን ድምፁን ሰምቻለሁ። ምሳ አቅርቤ ስጠብቀው ከዚህ በር ውጭ ኡሁ ኡሁ ብሎ ሳለና ‹አይነሱ፤ ይብሉ፤ አይጠብቁኝ› አለ። ጉንፋን ይዞት ድምፁ ሻክሮ ነበር፤ ነፋሱም አያሰማም። ልጆቹ ይብሉ ማለቱ ነው ብዬ ተውኩት።»

«ልጆቹ እዚህ ነበሩ?»

«ኧረ ብቻዬን ነበርኩ። ኤፍራታ ከአባቷ ጋር ተጨቃጭቃ ባሕር ዳር ብቻዋን ትዞር ነበር። ወዲያው ደግሞ መኪናው ሲነሳ ሰማሁ። በፈቃዱና የልጄ እጮኛ ሲራክ ዓሣ ሊገዙ ሲሄዱ ነው። ሲመለሱ ሬሳውን አገኙት።»

ልጅቷን ያስጠረጠራት ይኸው የእናትየው ቃል ነበር። ሁለቱ ወንዶች ሲሄዱ አባት በሕይወት ካሉ፣ የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

የሟቹ ታላቅ ወንድም አቶ በፈቃዱ ሳህን ይዘው ገቡና ለወይዘሮዋ ዘረጉላቸው። «አንቺ፣ ዛሬም ካልበላሽ አፍሽን ይዤ ነው የማጎርስሽ!»

«ያን ቀን ከሲራክ ጋር አብራችሁ ነው የወጣችሁት ወይስ ተጠባብቃችሁ?» አለቻቸው ጸዳለ።

«እኔ ነኝ የጠበቅሁት፤ ሞተር አስነስቼ! ጓንቴን ረሳሁ ብሎ ተመለሰ። ‹ካሁኑ እንደ ሙሽራ ትኳኳላለህ› ብዬ ስቄበታለሁ።»

ኤፍራታ በረንዳ ላይ ነበረች።

«ዳዲ ሰርጉን ሰርዢ አለኝ። ለምን ስለው ‹ውድብሪጅ ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ራሱ ይንገርሽ› ብሎ ጥሎኝ ወጣ። ለፖሊስ ነግሬያለሁ። ግን ማሚ ድምፁን ሰምታለች፤ ሲራክ ደግሞ መኪና ውስጥ ነበር።»

ጸዳለ ወደ ውስጥ ስትመለስ ሲራክ ለአማቱ ሻይ ሲያቀርብ ደረሰች። «እትዬ፣ ይጠጡ እንጂ፤ እንዳይቀዘቅዝብዎት።»

ጸዳለ ባለችበት ቆመች። ከዚያ ሁሉም ሳሎን እንዲሰበሰቡ ጠየቀች። የካውንቲው ፖሊስ መርማሪም መጥቶ በሩ አጠገብ ቆመ።

«እትዬ፣ ባለቤትዎ ሲያናግሩዎ አንቺ ነበር የሚሉዎት ወይስ እርስዎ?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? አንቺ ነዋ!»

«‹ይብሉ› እና ‹አይጠብቁኝ› ስለ ልጆቹ ሊሆን ይችላል። ‹አይነሱ›ስ? ቤት ውስጥ የተቀመጡት እርስዎ ብቻ ነበሩ። ባለቤትዎ ቢሆኑ ኖሮ ‹አትነሺ፤ ብዪ፤ አትጠብቂኝ› ይሉ ነበር። ሦስቱም ቃል ለእርስዎ ነው የተባለው፤ ያለው ግን ባለቤትዎ አይደሉም።»

ወይዘሮዋ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«አቶ በፈቃዱ አንቺ ይሉዎታል። ኤፍራታም አንቺ ትልዎታለች። እዚህ ቤት እርስዎ የሚልዎት አንድ ሰው ነው፤ ጓንቴን ረሳሁ ብሎ የተመለሰው። አቶ ዓባይነህ ያኔ ሞተው ነበር። በሕይወት ያሉ እንዲመስል ሳላቸውንና ድምፃቸውን አስመሰለ። አማቱን አንቺ ማለት ግን አፉ አልለመደም።» ወደ ሲራክ ዞረች። «ውድብሪጅ ያለችው ማን ናት?»

ሲራክ ወለሉን አየ። «ሚስቴ» አለ። «ሊያጋልጡኝ ነበር። ወድቀው የሞቱ ይመስላል ብዬ ነው። ኤፊ ባሕር ዳር ብቻዋን እንዳለች አላወቅሁም፤ እውነቴን ነው።»

«ከዚያ በኋላስ?» አለች ኤፍራታ። «ትናንት ፖሊሶቹ ሲያፋጥጡኝ እጄን ይዘህ አጠገቤ ተቀምጠህ ነበር።»



አማርኛ የማያውቀው መርማሪ ምን እንደተባለ ጸዳለን ጠየቃት። እሷ አፏን ሳትከፍት ኤፍራታ ቀደመቻት። ሲራክ ያለውን ሁሉ፣ ቃል በቃል፣ በእንግሊዝኛ ነገረችው።