የዶሪን ጠጠሮች

ኦርቪል ታኬት ማጅራቱ የካዝናውን ጠርዝ መትቶ፣ በሱቁ ወለል ላይ ተንጋሎ ሞቷል። ከበላዩ በጠረጴዛው ላይ፣ የሟቿ ዘፋኝ የዶሪን ፊት የታተመባቸው፣ በካርታ ቁማር በገንዘብ ፈንታ የሚያዙ ክብ የፖከር ጠጠሮች አምስት አምስት ሆነው ተደራርበዋል። ከየክምሩ አናት ያው ፊት ፈገግ ብሎ ያያል። መርማሪ ራሞና ሳልሲዶ ስንት ሬሳ አይታለች፤ ዛሬ ግን ለዚያ ፊት ጀርባዋን መስጠት አስፈራት።

ጠጠሮቹ በላስ ቬጋስ የሲልቨር ሄሮን ካዚኖ ከመፍረሱ በፊት፣ ዶሪን ለመጨረሻ ጊዜ የዘፈነችበትን ምሽት ለማስታወስ የተሠሩ ናቸው። ኦርቪል ሰብስቦ ሊቸበችባቸው ነበር።

«ይሄ ደግሞ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?» አለ ሳጅኑ። «የሱቁ ቁልፍ ያለው የእህቱ ልጅ ኮሪን ጋ ነው። ትናንት ሲጨቃጨቁ ተሰምቷል። ካቴና ላምጣ?»

«ኧረ ቀስ በል!» ራሞና አጎነበሰች። ክምሩ መሃል ያለው አንዱ ጠጠር ጠርዙ ላይ ደም ደርቋል። «ይሄ ወለሉ ላይ ወድቆ ነበር። ሰውዬው ከሞተ በኋላ የሆነ ሰው ለቅሞታል።»

ኮሪን ጓዳ ውስጥ ታለቅሳለች። «የሞተች ሴት ፊት አትቸርችር ብዬው ነው የተጣላነው። እኔን ብታስሩኝ ልጄን ማን ያሳድግልኛል?»

ለጥያቄ የተጠራው የኦርቪል ተፎካካሪ፣ ጠጠር ሰብሳቢው ሆሊስ፣ ክምሮቹን ሲያይ ጮኸ። «ማነው ይሄ ጨካኝ! ሲፋተጉ ሥዕሉ ይላጣል እኮ! እኛ እያንዳንዱን ለብቻው ነው የምናስቀምጠው።»

የዶሪን ባል ሌስተር ዕድሜውን ሙሉ በሄሮን ካርታ አዳይ ነበር። «እዚህ ሱቅ እግሬ ረግጦ አያውቅም» አለ በቀስታ።

ራሞና ሦስቱንም ጠራቻቸውና ሥዕል የሌላቸውን ጠጠሮች ባንኮኒው ላይ ዘረገፈች። «እስቲ አንሡልኝ።»

ሆሊስ በጥፍሩ ጠርዝ ጠርዛቸውን ያዘ። ኮሪን በሁለት እጇ አፈሰች። ሌስተር ግን ግድግዳውን እያየ ሳለ፣ ጣቶቹ በገዛ ራሳቸው ሠሩ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። አምስት፣ አምስት።

ራሞና ድምፁን ታውቀዋለች። አባቷም ካርታ አዳይ ነበር፤ ሊሞት ሲያጣጥር እንኳ ጣቶቹ ብርድ ልብሱ ላይ እንዲህ ይሉ ነበር። ያ ድምፅ እስካሁን በእንቅልፏ ይመጣባታል።

«ሰብሳቢ ጠጠር አይደራርብም፤ ስለዚህ ሆሊስ አይደለም» አለች። «ኮሪን አፍሳ ነው የምታነሣው። ሳያስብ አምስት አምስት አድርጎ የሚከምር፣ ዕድሜውን ጠጠር ሲቆጥር የኖረ የካርታ አዳይ እጅ ብቻ ነው። ሌስተር፣ እግሬ አልረገጠም ባሉበት ሱቅ እጅዎ ሠርቶ ሄዷል።»

ሌስተር እጆቹን አየ። የሌላ ሰው እጆች መሰሉት።

«በሩን ራሱ ከፈተልኝ፤ እንዳይሸጣት ለመንኩት፤ ሳቀብኝ» አለ። «ገፋሁት፣ ጠጠሮቹም አብረውት ወደቁ። ልሸሽ በሩ ደርሼ ነበር እኮ! ግን ዞር ስል ዶሪን መሬት ላይ ሆና ታየኛለች። እንዴት ጥያት ልሂድ?»

ኮሪን አፏን ይዛ አለቀሰች፤ ለራሷ ይሁን ለሱ አልለየላትም። ሳጅኑ ካቴናውን ሲያወጣ ሌስተር መዳፎቹን አጨብጭቦ ገልብጦ አሳየ፤ ካርታ አዳይ ከጠረጴዛ ሲነሣ ምንም አለመደበቁን እንደሚያሳየው።

በሩ ላይ ሲደርስ ወደ ራሞና ዞሮ ቆመ። «ልጄ፣ ስትወጪ መብራቱን አታጥፊባት። ጨለማ ትፈራ ነበር።»

ራሞና የመብራቱን ማጥፊያ ሳትነካ በሩን ዘጋች።