አቶሞች ሲራራቁ

«እስቲ አሁን ሳቢያቸው» አሉ የፊዚክስ መምህሩ።

ጠበቃ ሁለቱን የእንጨት ኳሶች ግራና ቀኝ ይዛ ሳበቻቸው። በመካከላቸው የታሰረው የሶፋ ሞላ ሲጥ ሲጥ እያለ ተለጠጠ።

ጠበቃ ያሏት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ አንዴ መከራከር ከጀመረች ዳኛም አያስቆማት። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። የቤት ሥራው በሁለት አቶሞች መካከል ያለውን ኃይል በሞዴል ማሳየት ነበር። አንዱ ማግኔት አመጣ፣ ሌላው ላስቲክ። የእሷ አባት ግን ሶፋ ሠሪ ነው፤ ቤታቸው ውስጥ ሞላ እንደ ልብ ነው።

«ሲጠጋጉ ይገፋፋሉ፣ ሲራራቁ ይሳሳባሉ» አለች አፏን ሞልታ። «በራቁ ቁጥር ደግሞ ይብስባቸዋል፤ አጥብቀው ይሳሳባሉ።»

መምህሩ ግማሹ ልክ ነው ብለው ሰሌዳው ላይ ግራፍ ሣሉ። አቶሞች በጣም ሲቀራረቡ በብርቱ ይገፋፋሉ፤ ትንሽ ራቅ ሲሉ ይሳሳባሉ። ከዚያም በላይ ከተራራቁ ግን መሳሳቡ እየደከመ፣ እየደከመ ሄዶ ከምንም የማይቆጠር ይሆናል። ሞላ ሊወክላቸው የሚችለው እምብዛም ሳይራራቁ ነው አሉ። የተሣለው መስመር ወደ ቀኝ ዝቅ ብሎ ተጋድሟል፤ ቀና የማለት ሐሳብም ያለው አይመስልም።

«ካይን የራቀ ከልብ ይርቃል ማለት ነዋ፣ ቲቸር» አለ የክፍሉ ቀልደኛ፤ ሁሉም ሳቀ። ጠበቃ አልሳቀችም።

እናቷ ነርስ ናት። ከአባቷ ጋር ከተለያዩ በኋላ ሩቅ ከተማ ያለ ሆስፒታል ውስጥ ሥራ አግኝታ ከሄደች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። በየሳምንቱ ዓርብ ትደውላለች። ባለፈው ዓርብ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔ ጋ ነይ፣ ፈቃድ እንድጠይቅ እስከሚቀጥለው ዓርብ ንገሪኝ አለቻት። ዛሬ ዓርብ ነው፤ ጠበቃም እስካሁን መልስ አልሰጠችም።

ሳትናፍቃት ቀርታ አይደለም። እናቷ ከአዳር ሥራ ጧት ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ የልጇ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ እግሯን በብርድ ልብሱ ላይ ታሽላት ነበር። ጠበቃ አንዳንድ ጧት እግሯን ወደዚያ ጫፍ ዘርግታ ትጠብቃለች፤ ሞኝነት መሆኑን እያወቀች። ግን ስሌት ነበራት። እኔ ከሄድኩ ናፍቆቷ ይወጣላትና እዚያው ትቀራለች። ካልሄድኩ ግን ናፍቆቱ ሲብስባት፣ ሲብስባት ጓዟን ጠቅልላ ትመጣለች።

«ቲቸር፣ ሲራራቁ የማይደክም ኃይል የትም የለም?» አለች፤ ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮክ ብሎ ወጣ።

መምህሩን ጥያቄው ደስ አሰኛቸው። እንዲህ ያለ ኃይልስ አለ፣ በአቶም እምብርት ባለው ፕሮቶን ውስጥ ኳርክ የሚባሉ ቅንጣቶች አሉ፤ በሳይንቲስቶች ሞዴል መሠረት ቢራራቁም በመካከላቸው ያለው መሳሳብ አይደክምም፤ ስለዚህ ኳርክን ለብቻው ነጥሎ ያየ ሰው የለም አሉ። ከዚያ የእንጨት ኳሶቹን አዩ።

«አንቺ ያመጣሽው ግን አቶም ነው። አቶም ይለያያል።»

ከሰዓት በኋላ በቀጥታ ወደ አባቷ ወርክሾፕ ሄደች። አባቷ ሚስማር በከንፈሩ ይዞ የወንበር መደገፊያ ላይ ቆዳ ይወጥር ነበር። የሆነውን ስትነግረው ሞላውን ተቀብሎ ከኳሶቹ ፈታ፤ አንዱን ጫፍ በጠረጴዛው ሞርሳ አሰረና ሌላውን በፒንሳ እስከ መጨረሻው ጎተተው። ሲለቀው አልተመለሰም። ተዘርግቶ ቀረ።

«ሞላም ቢሆን ልክ አለው» አለ ሚስማሮቹን ከአፉ አውጥቶ። «ልኩን ካለፈ ሽቦ ነው።»

ከእሱ እንኳ እሷን የሚደግፍ ቃል ጠብቃ ነበር። ተናደደችበት፤ ከዚያ ንዴቱ ጠፍቶ ዕንባ ብቻ ቀራት።

«አባዬ፣ እኔ ካልሄድኩ የምትመጣ ይመስልሃል?»

አባቷ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ቆርቆሮው ውስጥ አስቀመጠ።

«አትመጣም፣ የኔ ልጅ። ኑሮዋ እዚያ ነው። ከኔ ጋር የሆነውም ሆኗል።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ስትደውልልኝ ግን የምትጠይቀኝ ስላንቺ ብቻ ነው» አለ።

እስከ ማታ ድረስ የእናቷን ስልክ መጠበቅ ትችል ነበር። ሁልጊዜም ስትጠብቅ ነው የኖረችው፤ ቀድማ መደወል እንደ መሸነፍ ይቆጠርባት ነበር። ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ የአባቷን ስልክ ከሥራ ጠረጴዛው ላይ አነሳች።

«ምን ሆንሽ?» አለች እናቷ ገና ድምፅዋን እንደሰማች፤ ከበስተኋላዋ የአልጋ ጎማ ኮሪደሩ ላይ ይንኳኳል።

«ምንም አልሆንኩም። ልመጣ ነው።»

የአልጋው ጎማ አልፎ ራቀ። ጠበቃ ለአፍታ፣ የማይሆን ነገር የተናገረች መሰላት።

«ቁመትሽ ስንት ደረሰ?» አለች በመጨረሻ እናቷ፤ ድምፅዋ ሻክሯል። «አልጋ ላሠራልሽ ነው፤ ቁመትሽን እኮ አላውቀውም።»

ጠበቃ የበሩን መቃን አየች። እዚያ ጋ ሄዳ መለካት ይቻላል፤ ሜትርም አለ፣ አባቷም ቆሟል።

«ስመጣ አንቺው ትለኪኛለሽ» አለች። «አልጋው እስኪሠራ ያንቺ አልጋ ላይ አብረን እንተኛለን።»