ከሰባተኛው ረድፍ የጎደለው ሰው

ይህ ከሰው የሰማሁት ወሬ አይደለም። በራሴ የደረሰ ነው። ባታምኑኝ አልቀየማችሁም... እኔም ለማመን ጊዜ ወስዶብኛል።

ነሐሴ ነው። ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ሐረር፣ የኳስ ሜዳው አሮጌ የሲሚንቶ መቀመጫ ላይ።

ጨለማ አልነበረም።

መቀመጫው ፈርሶ አሥር ሺህ ሰው የሚይዝ አዲስ ሊሠራ ነው። አሮጌው ስንት ሰው እንደሚይዝ ግን የትም አልተጻፈም። ወንበር የለውም፤ ደረጃ ብቻ ነው። የእኔ ሥራ በየሃምሳ ሴንቲሜትሩ፣ በአንድ ሰው ቦታ ልክ፣ በጠመኔ ቁጥር እየጻፍኩ መቁጠር ነበር።

ሰባተኛው ረድፍ ላይ አባቴ ዓለሙ ሠላሳ ዓመት የተቀመጠበት ቦታ አለ። ከሞተ ወር አልሞላውም። እዚህ ሜዳ ደንበኛ ተመልካች ሲሞት፣ ወዳጆቹ እስከ አርባው ድረስ ቦታው ላይ ካርቶን ያነጥፋሉ። ማንም አይቀመጥበትም።

በሕይወት ሳለ ሁልጊዜ ይለኝ ነበር።

«ዮዲ፣ እሁድ ነይ። አጠገቤ ቦታ እይዝልሻለሁ።»

«ሥራ አለብኝ አባ።»

አንድም ቀን አልሄድኩም።

ረቡዕ ስቆጥር ካርቶኑ ጋ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። ቁጥር ሳልሰጠው ዘለልኩት።

ሐሙስ አለቃዬ ሳሙኤል ደወለ። «ሌላው ረድፍ ሁሉ ሰማንያ፣ ሰባተኛው ሰባ ዘጠኝ! አንድ ሰው ጎድሎሻል። ሂጂና አስተካክዪ፤ ነገ ጠዋት ይፈርሳል።»

ዘበኛው ጋሽ ኤልሳዕ በሩን እየከፈቱ ሳቁብኝ። «ዩኒቨርሲቲ ድረስ ተልከሽ ሰማንያ መቁጠር አቃተሽ?»

ወደ ሰባተኛው ረድፍ ወጣሁ። የረድፉን መጨረሻ ቁጥር አየሁ።

ሰባ ስምንት።

የራሴ የእጅ ጽሑፍ ነው... የተፋቀ ነገር የለም።

ከአንድ ጀምሬ ተከተልኩት። ሠላሳ ሁለት... ሠላሳ ሦስት... ከዚያ የአባቴ ካርቶን።

ከጎኑ ሌላ ካርቶን።

ሠላሳ አራት ከሁለቱ ወዲያ ነበር።

«ጋሼ... ሌላ ሰው ሞቷል እንዴ?»

ከታች ቀና ብለው አዩ። ሳቃቸው ጠፋ።

«ከትናንት ወዲህ በሩን ለማንም አልከፈትኩም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ... ውረጂ። የሞተ ሰው በያዘልሽ ቦታ አትቀመጪ።»

መውረድ ነበረብኝ። ግን ነገ ይህ ደረጃ የለም። ነገ ከአባቴ ጎን የሚባል ቦታ የለም።

ቆሜ ቀረሁ።

ያኔ ከኋላዬ፣ ከባዶው ረድፍ፣ የማላውቀው ሽማግሌ ድምፅ በለሆሳስ...

«ተቀመጪ እንጂ ልጄ፤ ከለልሽን።»

ዞርኩ። ማንም የለም።

አዲሱ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ።

«አባ... መጣሁ» አልኩ።

ካፊያ ጀመረ። ፀጉሬ ረጠበ። መተላለፊያው ረጥቦ ጠቆረ።

አጠገቤ ያለው ካርቶን ግን ደረቅ ነው።

ቀና ብዬ አየሁ። ከታች እስከ ላይ፣ በየረድፉ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው የሚያህሉ ደረቅ ቦታዎች... በመካከላቸው ቀጭን እርጥብ መስመር ብቻ።

ጋሽ ኤልሳዕ ከታች ኮፍያቸውን አውልቀው ዝናቡ ውስጥ ቆመዋል። የሚያዩት እኔን አልነበረም።