ያልራሰው ወለል

እትዬ ጸጥታ ከቤተ መጻሕፍቱ ወለል ላይ በጀርባቸው ተንጋለው፣ የማንበቢያ መነፅራቸው ከአፍንጫቸው ሳይወርድ ሞተው ተገኙ። በአጠገባቸው የብረት መሰላል ወድቋል፤ ዙሪያውን የሳሙና ውሃ ፈሷል። መጀመሪያ ያዩዋቸው ርእሰ መምህሩ ናቸው። ሰዓቱ ለአምስት ሩብ ጉዳይ ነበር፤ ልጆቹ ገና ከክፍል አልወጡም።

ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎቹ ናቸው። በሃያ ሦስት ዓመት የቤተ መጻሕፍት ኃላፊነታቸው አንድም ቀን ጮኸው አያውቁም። ጣታቸውን ብቻ አንስተው «ጸጥታ» ካሉ፣ እንኳን ልጅ ዝንብም ክንፏን ትሰበስባለች ይባል ነበር። ከሦስት ዓመት ወዲህ ደግሞ ከመደርደሪያው አናት ላይ ያለ ኢንተርኔት የምትሠራ አንዲት ትንሽ ሳጥን አስቀምጠው ነበር። ሳጥኗ ነፃ መጻሕፍትንና ትምህርቶችን በቤተ መጻሕፍቱና በአካባቢው ክፍሎች ላሉ ታብሌቶች ሁሉ ታድላለች። ስትደነዝዝ መሰላል ወጥተው አጥፍተው የሚያበሯት እሳቸው ነበሩ። እንግዲህ ከዚያ ላይ ወደቁ ተባለ፤ ሁሉም አመነ።

አደጋ ከሆነ ደግሞ ጥፋተኛ አይጠፋለትም። ጥፋተኛዋ ተብለው ከበሩ ውጭ አግዳሚ ላይ የተቀመጡት፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው የጽዳት ሠራተኛ ናቸው። ትምህርት ቤቱ በሙሉ «እማማ» ይላቸዋል። ርእሰ መምህሩ አንድ ወረቀት አጽፈው አቅርበውላቸዋል፦ «ወለሉን እርጥብ ትቼ በመሄዴ ለደረሰው ሞት ምክንያቱ እኔ ነኝ።» ከወረቀቱ ጎን የጣት አሻራ ቀለም ተከፍቶ ይጠብቃል። እማማ እስር ቤቱን አልፈሩትም። የፈሩት ጓደኛቸውን የገደሉ ሰው ሆነው መቅረታቸውን ነው።

«በውሃዬ ገደልኳት! እኔ አፈር ልብላ፣ በገዛ ውሃዬ!»

የሳይንስ መምህሩ አጠገባቸው ተቀምጦ ትከሻቸውን አቅፏል። የሟቿ የእህት ልጅ ነው፤ ዓይኑ በለቅሶ አብጧል። «ሆን ብለው አላደረጉት፣ እማማ። እኔ ይቅር ብዬዎታለሁ» ይላቸዋል። ያየ ሁሉ እንዴት ያለ ልብ ነው አለ።

የፖሊስ መርማሪዋ የደረሰችው የእማማ አውራ ጣት ቀለሙን ሊነካ ሲል ነው። ሽበት ጣል ጣል ያለባት ቀጭን ሴት ናት። ለምን ሳትል ውላ ስለማታውቅ ባልደረቦቿ «ለምኔ» ይሏታል።

«እማማ፣ ይቺ ጣት ትንሽ ትቆይ» አለችና መሐረቧን አቀበለቻቸው። «ወለሉን መቼ ወለወሉት?»

«ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ። ከዚያ መጸዳጃ ቤቱን ላጥብ ሄድኩ። ባልዲዬን እዚያ ጥግ ላይ ከነውሃው ትቼው ነበር። መጸዳጃ ቤቱ የራሱ ባልዲ አለው።»

«ይሄ ወለል ለመድረቅ ስንት ይፈጅበታል?»

«እንዲህ መስኮቱ ተከፍቶ? ሩብ ሰዓትም አይሞላው። ግን ይኸው ውሃውን አየሽው አይደል? ምን አድርጌ እንደተውኩት እኔስ ምኑን አውቄው ልጄ!»

ርእሰ መምህሩ ጣልቃ ገቡ። «ስገባ ጫማዬ ሁሉ ርሷል። ነገሩ ግልጽ ነው።»

«ከሟቿ ጋር ሰላም ነበራችሁ?»

«ታብሌቶቹ እንዳይሰበሩ ቢሮዬ ይቆለፉ ብዬ ነበር። እሳቸው ደግሞ ‹የተቆለፈ ታብሌት መስተዋት ነው፣ ፊትዎን ይዩበት› አሉኝ። በሰው ፊት!»

«ከአራት ሰዓት ወዲህስ የት ነበሩ?»

«ከስምንት ወላጆች ጋር ስብሰባ ላይ። ይጠየቁ። እንደወጣሁ ነው ያገኘኋቸው።»

«ወረቀቱ ከኔ ቀድሞ ደርሷል። ለምን?»

«የትምህርት ቤቱ ስም…»

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ አይደል?» አለች መርማሪዋ።

ወደ ውስጥ ገብታ ከአስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች። የቀሚሱ ጠርዝ በሳሙና ውሃ ርሷል። ትከሻቸውን ቀስ አድርጋ ቀና አደረገችና እጇን ከጀርባቸው ሥር ሰደደች። ደረቅ ነው። ወለሉም ከሥራቸው ደረቅ ነበር። ተነሳችና እማማን ወደ በሩ ጠራቻቸው።

«እማማ፣ መነፅራቸውን አድርገው መሰላል ይወጡ ነበር?»

«ኧረ ባክሽ! ያዞራታል እኮ። አንድ ደረጃ ስትወጣ እንኳ አውልቃ አንገቷ ላይ ነው የምታንጠለጥለው።»

«እንዴት አወቁ?»

«በየቀኑ እዚህ አይደለሁ! ሥራዬን ስጨርስ ፊደል ታስተምረኛለች። ታብሌቱን ትከፍትልኛለች፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ታደርግልኛለች፣ እሱ ‹ሀ› ሲል እኔም ‹ሀ› እላለሁ። እስከ ‹ነ› ደርሼ ነበር። ‹በዚህ ዕድሜሽ አታፍሪም ወይ› ብሎ የሳቀብኝ ሁሉ ነበረ፤ እሷ ግን አንድ ቀን አልሳቀችብኝም።» እንባቸው ቀደማቸው። መርማሪዋም ልቧ ተነካ፤ ግን ሥራ ነውና ወደሚቀጥለው ክፍል አለፈች።

የሳይንስ መምህሩ ክፍል ከቤተ መጻሕፍቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ እሱም ወደዚያ ተመልሶ ነበር።

«ለእኔ እናቴ ነበረች» አለ መምህሩ። «እናቴ ስትሞት አራት ዓመቴ ነበር። ያሳደገችኝ አክስቴ ናት።»

«ነፍስ ይማር። ከአራት ሰዓት ጀምሮ የት ነበሩ?»

«እዚሁ፣ ፈተና ላይ። በታብሌት ነው የምፈትናቸው። አንድ ጥያቄ ስከፍትላቸው ሁሉም እሱን ይመልሳሉ፤ ሁሉም ሲጨርሱ ቀጣዩን እከፍታለሁ። እኔ ካልነካሁት አይራመድም። ለአንድ ደቂቃ እንኳ መውጣት አይቻልም። አርባ ሁለት ምስክር አለኝ።»

«ከግድግዳው ወዲያ ሰው ሲወድቅ ምንም አልተሰማም?»

«ጥያቄዎቹ በድምፅ ናቸው፤ ልጆቹ በሙሉ ማዳመጫ አድርገው ነበር።»

«እርስዎስ?»

ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ማዳመጫ ወደ ቦታው መለሰ። «እኔም አልሰማሁም።»

ኮሪደሩ ላይ አንዲት ሹሩባ የተሠራች ተማሪ ቆማ ነበር። መርማሪዋ ጎንበስ አለችላት።

«መምህራችሁ ፈተናው ላይ ነበሩ?»

«አዎ። ሲጀመርም ነበሩ፣ ሲያልቅም ነበሩ።»

«መሀል ላይስ?»

«መሀል ላይማ እኛ ጥያቄ ላይ ነን!»

በሩ ላይ «ማን ቀደመ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። በየተማሪው ስም ፊት ሰዓት ተጽፎበታል።

«ይሄን ማን ለጠፈው?»

«መምህር። ፈተና ባለቀ ቁጥር ይለጥፋሉ፤ የጨረስንበትን ሰዓት ሳጥኗ ናት የምትመዘግበው። ዛሬ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ!» ልጅቷ ፈገግ አለች፤ ወዲያው ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ትዝ ሲላት አፏን በእጇ ከደነች።

መርማሪዋ ወረቀቱን ነቅላ አጠፈችው። የልጅቷን ታብሌት ተውሳ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ረጅም ጊዜ ቆማ አዳመጠች።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አስከሬኑ ተነስቷል፤ የሐኪሙም ቃል ደርሷል። መርማሪዋ ሦስቱን በቤተ መጻሕፍቱ የንባብ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። እማማ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ብቻ ተቀመጡ፤ ያ ወረቀት ከፊታቸው ነበር።

«እኔ ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ነገር የለም» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «ስልክ እንኳ የማውቀው ለማንሳትና ለመዝጋት ነው። ስለዚህ በማውቀው ልጀምር። ውሃ አውቃለሁ። ሰው እርጥብ ወለል ላይ ከወደቀ ጀርባው ይርሳል። የእትዬ ጸጥታ ጀርባ ግን ደረቅ ነው፤ ከሥራቸው ያለው ወለልም ደረቅ ነው። ሲወድቁ ውሃ አልነበረም ማለት ነው። ውሃው የመጣው ከወደቁ በኋላ ነው።»

«እና ማን አመጣው?» አሉ ርእሰ መምህሩ።

«የእማማን ባልዲ ጥግ ላይ ያየ ሰው። ሁለተኛ መነፅሩ። እሳቸው መነፅር አድርገው መሰላል አይወጡም። ስለዚህ ከመሰላል አልወደቁም፤ መሬት ላይ ቆመው እያነበቡ ነበር። ለምን ታዲያ በእጃቸውም በጠረጴዛውም ላይ የሚነበብ ነገር ጠፋ? የሚያነቡትን የወሰደው ሰው አለ። ታብሌቶቹ ቻርጅ የሚደረጉበትን ቁም ሳጥን ከፈትኩት። ቁጥር አንድ የሆነው የራሳቸው ታብሌት ቦታው ላይ በሥርዓት ተሰክቷል። ሌላ ሰው ቢሆን ይዞት ይሮጥ ወይም ይጥለው ነበር። ይሄኛው ግን ‹ዕቃ ከተጠቀምክበት ወደ ቦታው› እየተባለ ያደገ ሰው ነው።»

መምህሩ እጆቹን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ።

«ሽፋኑን ስገልጠው ያነቡት የነበረው ገጽ አልተዘጋም። ልጆቹ ዛሬ የተፈተኑበት ትምህርት ነው። አዘጋጅ በሚለው ሥር ያለው የመምህሩ ስም ብቻ ነው። ርእሰ መምህሩ አሳዩኝ፤ ሳጥኗ የድሮውንም ቅጂ ታስቀምጣለች። እስከ ሐሙስ ድረስ የሌላ ሰው ስም ነበረበት። እማማ፣ ይሄን ይስሙ እስቲ።»

ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው። አንዲት ሴት ረጋ ባለ ድምፅ ስለ ውሃ ዑደት ታነባለች። እማማ ደረታቸውን መቱ።

«እሷ ናት! ውይ እሷ! በሕይወት ያለች ነው የምትመስለው!»

«እትዬ ጸጥታ ናቸው። ትምህርቶቹን በሙሉ የጻፉትም ያነበቡትም እሳቸው ናቸው። ለማንም በነፃ የሰጡት ነው።»

«ነፃ ነው እኮ!» አለ መምህሩ ድንገት። «ማንም ሊወስደው ይችላል። እሷ ራሷ ናት የፈቀደችው።»

«ነፃ ነው ማለት የሠራው የለም ማለት አይደለም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ስም። እርስዎ ግን በዚህ ሥራ የዓመቱ መምህር ተብለው ለሽልማት ታጭተዋል።»

ርእሰ መምህሩ ወንበራቸው ላይ ተንቀሳቀሱ። «ክፍል ውስጥ ነበር እኮ! አርባ ሁለት ልጆች…»

መርማሪዋ ያጠፈችውን ወረቀት ዘረጋች። «መምህሩ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ የምከፍተው እኔ ነኝ ብለውኛል። እንዲያ ከሆነ ሁሉም እኩል ይጓዛሉ፤ እኩል የተጓዘ እኩል ይደርሳል። ይኸው ራሳቸው በልማድ የለጠፉት። የመጀመሪያዋ ልጅ አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ጨረሰች፤ የመጨረሻው አራት ሰዓት ከአርባ ሦስት። ዛሬ እያንዳንዱ ልጅ በራሱ ፍጥነት ነው የሄደው። የሚጠብቅም የሚከፍትም መምህር አላስፈለገም።»

መምህሩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ልገድላት አልነበረም» አለ። «ጠዋት መልእክት ላከችልኝ፣ ‹ና አነጋግርሃለሁ› ብላ። አልተቆጣችም። ‹ስሙን ውሰደው፣ ግን ሥራው የማን እንደሆነ አንተው ንገራቸው› ነው ያለችኝ። ታብሌቱን ከእጇ ነጠቅኳት፤ ወደ ኋላ ሄደች፤ ጭንቅላቷ የመሰላሉን ብረት መታው። ሞተች አልኩ። መሰላሉን ጣልኩት፣ ውሃውን ደፋሁት፣ ተመለስኩ።»

«ሐኪሙ የሚለው ሌላ ነው» አለች መርማሪዋ፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «ግማሽ ሰዓት ያህል በሕይወት ነበሩ። ቢደረስላቸው ይተርፉ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«እንዴት ያውቃሉ?»

«ጠራችኝ። ክፍል ገብቼ እንደተቀመጥኩ፣ በግድግዳው በኩል። በልጅነት ስሜ። ልጆቹ ሁሉ ማዳመጫ አድርገዋል፤ ጆሯቸው ውስጥ የምታነበው እሷው ነበረች። የሰማኋት እኔ ብቻ ነኝ። ሦስት ጊዜ ጠራችኝ።»

«ለምን አልሄዱም?» መርማሪዋ በሥራ ዘመኗ ለምን ብላ ጠይቃ መልሱን የፈራችው ይህን ጊዜ ብቻ ነው።

«ከሄድኩ… ውሃውን ማን ደፋው ሊባል ነው ብዬ።»

ርእሰ መምህሩ ተነስተው ወደ መስኮቱ ዞሩ። መርማሪዋ ከእማማ ፊት ያለውን ወረቀት አንስታ አራት ቦታ ቀደደችው።

«እማማ፣ እርስዎ ማንንም አልገደሉም። ውሃዎ እሳቸው ከመውደቃቸው በፊት ደርቆ ነበር። ይሂዱ፣ ቤትዎ ገብተው ይረፉ።»

ሁሉም እማማ እፎይ የሚሉ መስሏቸው ነበር። እማማ ግን ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሱና መምህሩ ፊት ቆሙ። ጠዋት ይቅር ያላቸውን ሰው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ መርማሪዋ ዞረው የተቀደደውን ወረቀት በጣታቸው መሰብሰብ ጀመሩ።

«ምነው ልጄ፣ ለምን ቀደድሽው? ምነው የኔው ውሃ በሆነ! አንሸራቷት ብትሞት ባንዴ ነው፣ አታውቀውም። ያሳደገችውን ልጅ ሦስት ጊዜ ጠርታ እንዳልመጣላት እያወቀች ከምትሞት፣ እኔ ብገድላት ይሻላት ነበር። አምጪው ቀለሙን፣ ልፈርምልሽ።»